ለባሕር ዓሣ ገንዳ የሚሆን ማጣሪያ፦ አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ዓሣ የሚተነፍሰው፣ የሚመገበውና ቆሻሻውን የሚያስወግደው በዚያው በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ነው። በባሕር ውስጥ ይህ ችግር አያስከትልም። ባሕሩ ሰፊና ጥልቅ በመሆኑ፣ ማዕበልም ዘወትር ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ከአንድ ዓሣ የሚወጣው ቆሻሻ ወዲያው ተበታትኖ ይጠፋል። ዓሣው ከባሕር ወጥቶ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ለዓይን ብዙ ቢመስልም፣ ከባሕር ጋር ሲነጻጸር ከጠብታ አይቆጠርም። በዚህ ጠባብ ውሃ ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓሣውን መርዞ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የባሕር ዓሣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ለማኖር የሚፈልግ ሰው ከዓሣው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ስለ ማጣሪያው ነው።

ማጣሪያ ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከገንዳው ራሱ ይበልጥ ገንዘብ የሚያስወጣው ማጣሪያው ነው። በሌላ በኩል፣ የባሕር ዓሣ ማርባት በተስፋፋባቸው በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች፣ ሥራውን ጀምረው የተዉ ሰዎች ያገለገሉ ዕቃዎቻቸውን በርካሽ ይሸጣሉ። ስለዚህ ገዢው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ? የዚህ ጥያቄ መልስ በአንድ ቃል የሚሰጥ አይደለም። ማጣሪያ የብዙ ክፍሎች ስብስብ በመሆኑ፣ ከክፍሎቹ አንዳንዶቹ ቢያረጁም አይጎዱም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ባረጁ መጠን አደገኛ ይሆናሉ። አስተዋይ ገዢ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይመረምራል። ለመመርመር ግን በመጀመሪያ የማጣሪያውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እንዲሉ።

ማጣሪያ የሚሠራቸው ሥራዎች

ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሻይ እንደሚጠለልበት ወንፊት ያለ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የማጣሪያው አንዱ ሥራ ብቻ ነው። የባሕር ዓሣ ገንዳ ማጣሪያ አራት ሥራዎችን ያከናውናል።

አንደኛው ሥራ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ቆሻሻ ማስቀረት ነው። ይህን የሚያደርገው ስፖንጅ ወይም እንደ ጥጥ ያለ ነገር ነው። ስፖንጁ በየጊዜው ካልታጠበ የያዘው ቆሻሻ በውስጡ ስለሚበሰብስ፣ ማጣሪያው ራሱ የብክለት ምንጭ ይሆናል።

ሁለተኛውና ዋናው ሥራ በዓይን የማይታይ ነው። ዓሣ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዘኛ ነገር ያስወጣል። ከተረፈ ምግብና ከሞቱ ነገሮችም አሞኒያ ይፈጠራል። በተፈጥሮ የሚገኙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀለለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ በማውጣት የሚታወቀው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሲሆን፣ ይህን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በድንጋይ፣ በአሸዋ፣ በስፖንጅና በፕላስቲክ ገጽ ላይ ተለጥፈው ነው። እንግዲህ ማጣሪያ ማለት በአብዛኛው የእነዚህ ሕያዋን ቤት ማለት ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ሥራቸው ይበልጥ አስፈላጊ የሚሆነው፣ የባሕር ውሃ የፒኤች መጠን 8.2 አካባቢ ስለሆነ ነው። ይህ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የአሞኒያው መርዛማነት እየበረታ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሥራ ቆሻሻው ከመበስበሱ በፊት ከውሃው ማውጣት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ አረፋ ሰብሳቢ ሊባል ይችላል። በአንድ ረጅም ቱቦ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የአየር ኳሶች ከውሃው ጋር ሲናወጡ፣ ቅባትነትና ፕሮቲንነት ያለው ቆሻሻ በኳሶቹ ዙሪያ ይለጠፋል፤ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ወጥቶም በአንድ ጽዋ ውስጥ ይጠራቀማል። ወንዝ በፏፏቴ ሲወርድ ወይም ማዕበል ጠረፉን ሲመታ የሚታየው አረፋም ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ነው። ይህ መሣሪያ በጨው ውሃ ውስጥ በሚገባ ይሠራል፤ በጨዋማ ውሃ ውስጥ የአየር ኳሶቹ ደቃቅ ሆነው ይቆያሉና።

አራተኛው ሥራ በልዩ ዘዴ በተዘጋጀ ከሰል አማካይነት የውሃውን ቀለም፣ ሽታና አንዳንድ መርዞችን መምጠጥ ነው። እነዚህን አራት ሥራዎች የሚያገናኛቸው ውሃውን ሳያቋርጥ የሚያዘዋውረው ፓምፕ ነው።

ዘዴዎቹ እንዴት እንደተለዋወጡ

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዕቃው ጋር ጊዜው ያለፈበትን ዘዴ አብሮ ሊገዛ ስለሚችል፣ የዘዴዎቹን ታሪክ ባጭሩ ማወቅ ይጠቅመዋል። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ዓሣና የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደጋግፈው ለረጅም ጊዜ ሊኖሩ እንደሚችሉ ገለጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1853፣ በለንደን የእንስሳት ማኖሪያ ውስጥ የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም ተከፈተ። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ስላልነበረ የባሕር ፍጥረታትን ማኖር እጅግ አድካሚ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ከጠጠር ሥር የሚቀመጥ የፕላስቲክ ወንፊት ተስፋፋ። ውሃው በጠጠሩ መካከል ወደ ታች እየተሳበ፣ በጠጠሩ ላይ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይጣራ ነበር። ነገር ግን ከወንፊቱ ሥር ቆሻሻ ስለሚከማች ገንዳው ከጊዜ በኋላ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ነዋሪ በውስጡ ልዩ ልዩ ፍጥረታት ያሉበትን የባሕር ድንጋይ በገንዳ ውስጥ በማኖር የተፈጥሮን ዘዴ እንደተከተለ ጽፎ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ሆላንዳዊው ጆርጅ ስሚት በአንድ የአሜሪካ መጽሔት በጻፋቸው ተከታታይ ጽሑፎች፣ ውሃ በፕላስቲክ ኳሶች ላይ እየተንጠባጠበ የሚጣራበትን ዘዴ አሳወቀ። ይህ ዘዴ ኦክሲጅን በብዛት ስለሚሰጥ አሞኒያን በፍጥነት ያጠፋል፤ ሆኖም ናይትሬቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በብዙ ቦታ የተለመደው ሕይወት ያለበትን ድንጋይ ከጠንካራ አረፋ ሰብሳቢ ጋር አጣምሮ መጠቀም ነው።

ስለዚህ አንድ ያገለገለ ማጣሪያ በርካሽ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሠራል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «የሚሠራው በየትኛው ዘዴ ነው? ላኖር ለምፈልገው ፍጥረትስ ይስማማል ወይ?» ተብሎም መጠየቅ አለበት። ለጥቂት ጠንካራ ዓሦች የሚበቃው ማጣሪያ ለኮራል ላይበቃ ይችላል።

ቢያገለግሉም የማይጎዱ ክፍሎች

ከማጣሪያው ክፍሎች መካከል ከመስተዋት ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠሩት፣ የሚሽከረከር ነገርና የኤሌክትሪክ ገመድ የሌላቸው፣ ከሌላ ሰው እጅ ቢገዙ ብዙ አያሠጉም። ከገንዳው ሥር የሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳ፣ ቱቦዎች፣ የአረፋ ሰብሳቢው አካልና ጽዋው፣ ባክቴሪያ የሚያድርባቸው የፕላስቲክ ኳሶች በዚህ ወገን ይመደባሉ። ገዢው የሚመለከተው ስንጥቅ መኖሩንና መጋጠሚያዎቹ መላላታቸውን ነው። ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ፕላስቲክ በቀላሉ ይሰበራል። ሁለተኛው ገንዳ ከቤት ውጭ ውሃ ተሞልቶ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ቢቆይና ወለሉ ደረቅ ሆኖ ቢገኝ እንደማያፈስ ይታወቃል።

በእነዚህ ክፍሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ሻጩ ዕቃውን አለማጠቡን ያሳያል እንጂ የዕቃውን መበላሸት አያሳይም። ዕቃው በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ሰዓቶች ሲዘፈዘፍ ቅርፊቱ ይሟሟል። ገዢው ግን በብረትና በነሐስ የተሠሩ መጋጠሚያዎችን አውልቆ መጣል አለበት። ብረቱ በጨው ውሃ ይዝጋል፤ በነሐስ ውስጥ ያለው መዳብም ወደ ውሃው ይገባል።

አዲስ መሆን ያለባቸው ክፍሎች

አንዳንድ ክፍሎች በመልካቸው አዲስ ቢመስሉም ኃይላቸው ያለቀ ሊሆን ይችላል። ከሰል አንድ ጊዜ ከጠገበ በኋላ ቢታጠብም አይታደስም። ስፖንጅና የጎማ ቀለበት ዋጋቸው ጥቂት ስለሆነ አሮጌውን ይዞ መቆየት ትርፍ የለውም፤ በአንድ በደረቀ የጎማ ቀለበት ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ወለሉ ላይ ሊፈስ ይችላልና።

ጀርሞችን ለመግደል የሚያገለግለው የአልትራቫዮሌት አምፑል ደግሞ የበለጠ ያታልላል። አምፑሉ ሰማያዊ ብርሃን እየሰጠ ቢቀጥልም፣ ዓይን የማያየውና ጀርም የሚገድለው ጨረር እየደከመ ስለሚሄድ፣ ያለማቋረጥ ከሠራ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መለወጥ አለበት። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ሳጥኑ ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደለም፤ አምፑሉ ግን አዲስ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ የሚያጣራው ስስ ሽፋንም እንዲሁ ነው። ከተጠቀሙበት በኋላ ደርቆ የቆየ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ በሚገባ አይሠራም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ታሪኩ ያልታወቀ ጠጠርና ድንጋይ ነው። የባሕር ዓሦች በነጭ ነጠብጣብ በሽታ ሲያዙ ብዙ ሰዎች በአንድ ሊትር ውሃ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም በሚደርስ መዳብ ያክሟቸዋል። ይህ መጠን ዓሣውን ሳይገድል ተባዩን ያጠፋል። ኮራል፣ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትን ግን ይገድላል። መዳቡ በካልሲየም ካርቦኔት በተሠራ ጠጠርና ድንጋይ ላይ ይለጠፍና ከጊዜ በኋላ ወደ ውሃው ሊመለስ ይችላል። ድንጋዩን በዓይን አይቶ ይህን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሻጩ ገንዳውን በመዳብ አክሞ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ መልሱ ካላረካ ማጣሪያው ተወስዶ ጠጠሩና ድንጋዩ ይተዋሉ።

ፓምፕና ኤሌክትሪክ

ፓምፕ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚገኝ ነው። በደንብ የተሠራ ፓምፕ ለብዙ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን የሚሠራው በውሃ ውስጥ ወይም በውሃ አጠገብ በመሆኑ ጉድለቱ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። የጨው ውሃ ከተራ ውሃ እጅግ የበለጠ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በአንድ ኪሎግራም የባሕር ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል፣ በቀይ ባሕር ደግሞ 40 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። ስለዚህ ገመዱ የተላጠ፣ የተቀጠለ ወይም የደረቀ፣ የሞተሩ ሽፋን የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ፓምፕ በነጻ ቢሰጥ እንኳ መወሰድ የለበትም። ፓምፑ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ መሣሪያ በመስመሩ ላይ ሊኖር ይገባል። ገመዱም ከሶኬቱ በታች ወርዶ እንደገና ወደ ሶኬቱ እንዲወጣ ተደርጎ ይዘረጋል፤ ይህም በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ እንዲንጠባጠብ ያደርገዋል። እጅ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ መሣሪያዎቹ ከሶኬት ይነቀላሉ።

ፓምፑ ሲመረመር ከሶኬት ተነቅሎ ይፈታል። በውስጡ በማግኔት ኃይል የሚሽከረከር ትንሽ መዘውር አለ። የመዘውሩ ምላጮች ሙሉ መሆናቸው፣ ማግኔቱ አለማበጡና አለመዛጉ፣ ዘንጉ አለመሰበሩ ይታያል። ከዚያም ፓምፑ በውሃ ውስጥ ገብቶ ይነሣል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚጮህ ወይም ሲጠፋ ተመልሶ የማይነሣ ከሆነ ችግር አለበት። የፓምፑ መለዋወጫ አሁንም የሚሠራ መሆኑንም ማጣራት ያስፈልጋል። መለዋወጫ የሌለው ፓምፕ ዛሬ ቢሠራም፣ በተሰበረ ቀን የሚጠገንበት መንገድ አይኖርም።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክለት ወይም ከዚያ ይዞ የሚመጣ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማስታወስ አለበት። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። በኢትዮጵያ ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር መቀነስ ይቻላል፤ ኸርዙ ግን በትራንስፎርመር አይለወጥም። በማግኔት የሚሠሩ ብዙዎቹ ትናንሽ ፓምፖች ፍጥነታቸው በኸርዙ ስለሚወሰን፣ በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3,600 ጊዜ የሚሽከረከረው መዘውር በ50 ኸርዝ 3,000 ጊዜ ብቻ ይሽከረከራል። ስለዚህ ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ይቀንሳል፤ አረፋ ሰብሳቢውም የሚፈለገውን አረፋ ላይሰጥ ይችላል።

በባልዲና በሰዓት የሚደረግ ምርመራ

በፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚያሳየው ፓምፑ አዲስ ሳለና ውሃውን ወደ ከፍታ ሳያነሣ የሚገፋውን መጠን ነው። እውነተኛውን መጠን ለማወቅ አንድ ባልዲና አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃሉ። ፓምፑ በሚሠራበት ከፍታ ልክ ቱቦው ተይዞ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ይሞላል። ባልዲው በ24 ሰከንድ ቢሞላ ፓምፑ በሰዓት 1,500 ሊትር ይገፋል ማለት ነው። ገንዳው 200 ሊትር ከሆነ፣ ውሃው በሰዓት ሰባት ጊዜ ተኩል በማጣሪያው ውስጥ ያልፋል፤ ይህም በቂ ነው። ባልዲውን ለመሙላት 60 ሰከንድ ከፈጀ ግን በሰዓት 600 ሊትር ብቻ ስለሚሆን፣ ውሃው የሚመላለሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ ደካማ ስለሆነ መታጠብ ወይም መለወጥ አለበት።

ደጋ ላለ ሰው ይህ ምርመራ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ዓሣ በደጋ ከተማ ውስጥ እንዲኖር ከተፈለገ፣ ውሃውን በብርቱ የሚያናውጥ ጤናማ ፓምፕ የግድ ነው።

ያገለገለ ከአዲስ የሚበልጥበት ጊዜ

አዲስ ማጣሪያ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ባዶ ነው። ባክቴሪያዎቹ እስኪራቡበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ዓሣ ቢገባበት በራሱ አሞኒያ ይመረዛል። ብዙ ጀማሪዎች ዓሦቻቸውን የሚያጡት ስለዚህ ነው። በጤናማ ገንዳ ውስጥ ሲሠራ ከቆየ ማጣሪያ የተወሰደ፣ ባክቴሪያ ያደረበት ስፖንጅ ወይም የፕላስቲክ ኳስ ከተገኘ ግን ይህ የጥበቃ ጊዜ በእጅጉ ያጥራል። ለዚህም ዕቃው ሳይደርቅ፣ በባሕር ውሃ እንደረጠበ፣ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ወደ አዲሱ ገንዳ መድረስ አለበት። ከላይ ያገለገለ ስፖንጅ አይገዛ የተባለው ታሪኩ ስላልታወቀው ስለ ደረቁ ነው።

ይህ ጥቅም የራሱ አደጋ አለው። ነጭ ነጠብጣብ የሚያስይዘው ተባይ ከዓሣው ከወረደ በኋላ በጠጠርና በዕቃ ላይ ተለጥፎ በሽፋን ውስጥ ይቆያል፤ አንዳንዱም ከሁለት ወር በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እርጥብ ዕቃ የሚወሰደው ገዢው ራሱ አይቶ ጤናውን ካረጋገጠው ገንዳ ብቻ ነው። ገንዳው የማይታወቅ ከሆነ ዕቃው መታጠብና ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ ተባዩ ድርቀትን አይችልም። ባክቴሪያዎቹም አብረው ይሞታሉ፤ ሆኖም ባክቴሪያን እንደገና ማራባት ይቻላል፤ የሞተን ዓሣ ግን መመለስ አይቻልም።

የተገዛውን ዕቃ ስለ ማጽዳት

ያገለገለው ዕቃ ከኮምጣጤው በኋላ በሚገባ በውሃ ይለቀለቃል። ጀርም ለመግደል በውሃ የቀጠነ በረኪና መጠቀም ይቻላል። በረኪናና ኮምጣጤ ግን በምንም ዓይነት በአንድነት መቀላቀል የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የታጠበው ዕቃ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ከተለቀለቀ በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው የሚገባው። በመጨረሻም ዕቃው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ይደርቃል። ቀድሞ ልብስ የታጠበበት ባልዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሳሙና ቅሪት አረፋ ሰብሳቢውን ያውካል።

ወጪው እንዴት ይሰላል?

የአንድ ዕቃ ዋጋ በተገዛበት ቀን የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ያገለገለ ማጣሪያ በአዲሱ ዋጋ ግማሽ ተገኘ እንበል። አዲስ አምፑል፣ ስፖንጅና የጎማ ቀለበት ለመግዛት ከአዲሱ ማጣሪያ ዋጋ ሩቡ ቢወጣ፣ የቀረው ትርፍ ሩብ ብቻ ነው። አዲሱ ዕቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋስትና አለው፤ ያገለገለው ዋስትና የለውም።

የኤሌክትሪክ ወጪም ይታከላል። አሮጌው ፓምፕ 60 ዋት፣ ተመሳሳይ ውሃ የሚገፋው አዲሱ 25 ዋት የሚፈልግ ቢሆን፣ ልዩነቱ 35 ዋት ነው። ፓምፕ ሌሊትና ቀን ስለማያርፍ፣ በዓመት ውስጥ 8,760 ሰዓት ይሠራል። 35 በ8,760 ሲባዛ 306,600 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 307 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህ በየዓመቱ የሚከፈል ትርፍ ወጪ ነው። በአንጻሩ አረፋ ሰብሳቢ አካልና ሁለተኛ ገንዳ ኤሌክትሪክ ስለማይበሉ፣ ያገለገሉትን በመግዛት የሚገኘው ትርፍ እውነተኛ ትርፍ ነው። ስለዚህ አቅሙ ውስን የሆነ ሰው የማይንቀሳቀሱትን ክፍሎች ያገለገሉ፣ ፓምፑንና የሚያልቁትን ክፍሎች አዲስ አድርጎ ቢገዛ ሁለቱንም ጥቅሞች ያገኛል።

ማጠቃለያ

የባሕር ዓሣ ገንዳ ማጣሪያ መምረጥ የዕቃ ንግድ ብቻ ቢመስልም፣ በምርጫው ላይ የሕያዋን ፍጥረታት ሕይወት የተንጠለጠለ ነው። ዛሬ አንዳንድ ዝርያዎች በሰው እጅ የሚራቡ ቢሆንም፣ ለገንዳ ከሚሸጡት የባሕር ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ አሁንም ከባሕር የሚጠመዱ ናቸው። በኬንያ ጠረፍና በሌሎችም የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ይህ ጥመድ የብዙ ሰዎች መተዳደሪያ ነው። አንድ ዓሣ በመጥፎ ማጣሪያ ምክንያት በሳምንቱ ሲሞት፣ ባለቤቱ ሌላ ይገዛል፤ ለሌላው ሲባልም ከኮራሉ መካከል ሌላ ዓሣ ይጠመዳል። ገዢው በማጣሪያው ላይ ያጎደለው ጥንቃቄ ከባሕሩ ይከፈላል ማለት ነው።

በመሆኑም ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ሊጣል የነበረውን ዕቃ ወደ ሥራ መመለስ ነው። አዲስ መግዛትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሊታይና ሊጸዳ የሚችለው ክፍል ያገለገለ ቢሆን ይበጃል። ጉድለቱ የማይታየው፣ ኃይሉ የሚያልቀውና ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ክፍል አዲስ ቢሆን ይመረጣል። ማጣሪያውን ሕያው የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ግን ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ውሃው በምርመራ አሞኒያና ናይትራይት የሌለበት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ዓሣ ወደ ገንዳው መግባት የለበትም።

ጥያቄዎች

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
1. ማጣሪያ «የሕያዋን ቤት» የተባለው ለምንድን ነው?
2. የአልትራቫዮሌት አምፑል ገዢውን የሚያታልለው እንዴት ነው?
3. ታሪኩ ያልታወቀ ጠጠርና ድንጋይ መግዛት ምን አደጋ አለው?
4. 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በ40 ሰከንድ ቢሞላ፣ ፓምፑ በሰዓት ስንት ሊትር ይገፋል?
5. ጸሐፊው በማጠቃለያው ላይ የገዢውን ጥንቃቄ ጉድለት ከባሕሩ ጋር ያገናኘው እንዴት ነው? በዚህ አሳብ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ለ. በሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
ያገለገለ፣ ዋስትና፣ መለዋወጫ፣ ስንጥብ፣ ከጠብታ አይቆጠርም

ሐ. በአካባቢያችሁ አዲስ ወይም ያገለገለ ሆኖ ሊገዛ የሚችል አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ የትኛውን መግዛት እንደሚሻል በሦስት አንቀጽ ግለጹ።